«ማርዎ» ወይስ «ማር ነዎት»?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዳኛና ለተሟጋች ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ገበያ ወጥቶ ይመልከት። በገበያ ውስጥ ቃል ገንዘብ ነው፤ ዋጋ የሚቆረጠው በቃል ነው፥ ዱቤ የሚሰጠው በቃል ነው፥ ቀጠሮ የሚያዘውም በቃል ነው። ቃሉ በሚገባ ካልተያዘ የሚቀደደው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅነትም አብሮ ይቀደዳል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጉዳይ ከቃላት ሁሉ ትንንሾቹን፥ ይኸውም «የኔ»፥ «ያንተ»፥ «የሱ» እያልን ሀብትንና ባለሀብትን የምናገናኝባቸውን ቃላት የሚመለከት ነው፤ ይልቁንም እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚያመጡትን ችግር።

ስለዚህ ነገር ለመነጋገር ከጎጃም በረንዳ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ጎጃም በረንዳ በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ገበያ ውስጥ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ነው። ስሙ ግማሹ ያገር ቤት፥ ግማሹ የባሕር ማዶ ነው። «ጎጃም» የሚለው የዐባይ ማዶውን አገር ሲያስታውስ፥ «በረንዳ» የሚለው ግን እንግሊዞችም ጣልያኖችም በየራሳቸው አነጋገር የሚጠሩበት እንግዳ ቃል ነው። «መርካቶ»ም ቢሆን በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የቀረ ስም ነው። እንግዲህ በዚህ ሰፈር የባዕድ ቃል መስማት አዲስ ነገር አይደለም። የባዕዱ ቃል ዛሬ በሳጥን ላይ፥ በከረጢት ላይ፥ በሱቅ ሰሌዳ ላይ፥ በእጅ ስልክ መልእክት ላይ ተጽፎ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንግሊዝኛ ነው።

ነጋዴው ራሱ እንግሊዝኛ ባይማር እንኳ ልጁ ወይም የእኅቱ ልጅ ይማራል። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም ለተማሪው የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ገዢ ጋር መጻጻፍ ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ ጸሐፊ የሚሆነው በቤት ያለው ተማሪ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የማሩ መልእክት

ጉዳዩ በጨዋታ መልክ ቢቀርብ ይበልጥ ይገባልና፥ አንድ የጎጃም ማር የሚነግዱ ሰውና ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የእኅታቸው ልጅ አሉ እንበል። ነጋዴው ለባሕር ማዶ ደንበኛቸው «ማርዎ ተዘጋጅቷል» ብሎ እንዲጽፍ ልጁን ያዙታል። ልጁም ስልኩን አውጥቶ «ዩ’ር ሃኒ፥ ኢዝ ሬዲ» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው መልስ ይመጣል።

«ምን አለ?» ይላሉ ነጋዴው።

«ጋሼ፥ አልገባኝም» ይላል ልጁ። «‹ስለ ፍቅርዎ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ማሩ እኛ ነን ወይስ የገዛነው ዕቃ?› ይላል።»

«አንተ ልጅ፥ ምን ብለህ ነው የጻፍህለት?»

«እርስዎ እንዳዘዙኝ ‹ማርዎ› ብዬ ነዋ!»

ልጁ ውሸት አልተናገረም፤ ሊጽፍ ያሰበው «ማርዎ» ነበር። የጻፈው ግን «እርስዎ ማር ነዎት» የሚል ሆነ። እንግሊዞችም እንደ እኛ የሚወዱትን ሰው «ማሬ» ብለው ስለሚጠሩ፥ የንግዱ መልእክት የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ተገኘ። ስሕተቱ የተፈጠረው በአንዲት ጭረትና በአንድ ፊደል ነው። «ያንተ» ወይም «የርስዎ» ማለት የሆነው «ዩር» የሚጻፈው በአራት ፊደል፥ ዋይ፥ ኦ፥ ዩ፥ አር ተብሎ ነው። «አንተ ነህ» ወይም «እርስዎ ነዎት» ማለት የሆነው «ዩ’ር» ደግሞ ዋይ፥ ኦ፥ ዩ፥ ከዚያ ከመስመሩ በላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት፥ ከዚያም አር እና ኢ ተብሎ ይጻፋል። በጆሮ ሲሰሙ መንታ ናቸው፤ በዓይን ሲታዩ ግን አንዱ ባለንብረትን፥ ሌላው ራሱን ሰውየውን ያመለክታል።

ተውላጠ ስምና የጎጃም ልጆች

በሰዋስው ትምህርት እነዚህ ቃላት «ተውላጠ ስም» ይባላሉ። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ሲሆን በስም ፈንታ የሚገባ፥ የስም ልዋጭ ማለት ነው። ሰውየውን በየጊዜው በስሙ ከመጥራት «እሱ» ብሎ መለወጥ፥ ቤቱንም «የእገሌ ቤት» ከማለት «ቤቱ» ብሎ ማሳጠር ማለት ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዲማ በቅኔ ትምህርት የታወቁ የጎጃም ደብሮች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ገና ከግስ ሲጀምር «ቤትየ» ቤቴ፥ «ቤትከ» ቤትህ፥ «ቤትኪ» ቤትሽ፥ «ቤቱ» ቤቱ፥ «ቤታ» ቤቷ እያለ ባለቤትንና ንብረትን መለየት ይማራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ሲሆኑ፥ ኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ለመሆን በቅተዋል። የአንዱን ቋንቋ ሰዋስው ጠንቅቆ የያዘ ሰው የሌላውን ለመያዝ መንገዱ ግማሽ ተሠርቶለታል ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው የራሱን ሳያስተውል የሰውን ለመያዝ ለሚሮጥ ነው።

ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛው ከመሻገራችን በፊት የራሳችንን እንመልከት። እኛ «የእኔ» የሚለውን አሳጥረን «የኔ» እንላለን፤ «የአንተ»ን «ያንተ»፥ «የእሱ»ን «የሱ»፥ «የእናንተ»ን «የናንተ» እናደርጋለን። መካከል ላይ የነበረችው ፊደል ስትወድቅ ማንም አያለቅስላትም፤ ምልክትም አናቆምላትም። እንግሊዞች ግን በዚህ ነገር ከእኛ ይለያሉ። ሁለት ቃላትን አጋጥመው ሲያሳጥሩ፥ ፊደሏ በወደቀችበት ቦታ አፖስትሮፍ የምትባለውን ጭረት ያቆማሉ።

የሞተች ፊደል ሐውልት

አፖስትሮፍን እንደ ሐውልት ብንቆጥራት ነገሩ ሁሉ ይቀልልናል። ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው፤ በሕይወት ላለ ሐውልት የሚያቆም የለም። እንደዚሁም አፖስትሮፍ የምትቆመው ፊደል በሞተበት ቦታ ነው። «ኢት ኢዝ» ማለት «እሱ ነው» ወይም «እሷ ናት» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲጋጠሙ አይ የተባለችው ፊደል ትሞታለች፤ በመቃብሯም ላይ ጭረት ቆሞ «ኢት’ስ» ይሆናል። «ዩ አር» ሲጋጠም ኤ የተባለችው ፊደል ሞታ «ዩ’ር» ይሆናል። «ዘይ አር» ማለትም «እነሱ ናቸው» የሚለው «ዜ’ር»፥ «ሁ ኢዝ» ማለትም «ማን ነው» የሚለው «ሁ’ዝ» የሚሆኑት በዚሁ ሥርዓት ነው። «ኢት ሃዝ» እና «ሁ ሃዝ» ሲያጥሩም መልካቸው ከነዚሁ ጋር አንድ ይሆናል።

ሀብትን የሚያመለክቱት ተውላጠ ስሞች ግን ከሁለት ቃላት የተጋጠሙ አይደሉም፤ ዱሮውኑ አንድ ቃል ናቸው። በውስጣቸው የሞተች ፊደል ስለሌለች ሐውልትም የላቸውም። «የሱ» ወይም የዕቃው ማለት የሆነው «ኢትስ» ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ አይ፥ ቲ፥ ኤስ። «የነሱ» ማለት የሆነው «ዜር» ቲ፥ ኤች፥ ኢ፥ አይ፥ አር ነው። ከዚህ ጋር በድምፅ አንድ የሆነ ሦስተኛ ወንድም አለው፤ እሱም «እዚያ» ማለት ሲሆን ቲ፥ ኤች፥ ኢ፥ አር፥ ኢ ተብሎ ይጻፋል። «የማን» ማለት የሆነው «ሁዝ» ደግሞ ደብሊው፥ ኤች፥ ኦ፥ ኤስ፥ ኢ ነው፤ እሱም ያለ ጭረት።

ተማሪውን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። እንግሊዞች «የነጋዴው ሱቅ» ለማለት ሲፈልጉ ነጋዴ በሚለው ስም ላይ አፖስትሮፍና ኤስ ይጨምራሉ። ተማሪውም «ስም ሀብትን ሲያመለክት ጭረት ካለው፥ ተውላጠ ስምስ ለምን አይኖረው?» ብሎ «ዩርስ»፥ «ኸርስ»፥ «ዜርስ» በሚሉት ሁሉ ላይ ጭረት ይተክላል። ጥያቄው አስተዋይ ጥያቄ ነው። መልሱም ከሐውልቱ አይወጣም፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ በብዙ ስሞች መጨረሻ ላይ ሀብትን ለማመልከት ኢ እና ኤስ ይቀጠሉ ነበር። ኋላ ኢ ወደቀች፤ ጭረቷም ቀረች። በተውላጠ ስሞቹ ላይ ግን ዛሬ በሚጸናው ሥርዓት ጭረት አይገባም። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡት «አንድ ሰው» የሚለውን የሚያመለክተው «ዋን»ና እንደ «ሳምባዲ» ያሉት፥ ማንነቱ ያልተወሰነ ሰውን የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው፤ እነሱ እንደ ስም ጭረት ይቀበላሉ።

ለማረጋገጥ የሚበጀው ዘዴ አንድ ነው፤ ቃሉን መዘርጋት። የጻፉትን ጭረት አውጥተው ሁለቱን ቃላት በሙሉ ያንብቡ። «ኢት’ስ ፕራይስ» ብለው ከሆነ የጻፉት፥ ሲዘረጋ «እሱ ነው ዋጋ» ይሆናል፤ ይህ ስሜት ስለማይሰጥ ጭረቱ ይነሣ። «ኢት’ስ ቺፕ» ብለው ከሆነ ግን ሲዘረጋ «እሱ ርካሽ ነው» ስለሚሆን ጭረቱ ይቁም። ይህን ለማድረግ የሚወስደው ጊዜ ሳንቲም ከመቁጠር አይበልጥም።

እንግሊዞችም ተቸግረውበታል

በዚህ የሚሳሳት ተማሪ ማፈር አይገባውም። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ብዙ ዘመን ተቸግረውበታል። «ኢትስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መታየት የጀመረው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ወደ 16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ግዑዝ ዕቃ ሲናገሩ እንደ እኛው «ሂዝ» ማለትም «የሱ» ይሉ ነበር። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲወጣ «ኢትስ» የሚለው ቃል በውስጡ አልነበረም፤ ዛሬ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የሚገኘው ኋላ በታተሙት ላይ የገባ ነው። ቃሉ ከመጣም በኋላ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ ጸሐፊዎች ሀብትን ለማመልከት ከነጭረቱ ይጽፉት ነበር። ዛሬ ስሕተት የሚባለው በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር ማለት ነው። ልማዱ ከጸና በኋላ ግን የሚጽፍ ሰው ሁሉ በልማዱ መገዛት አለበት፤ የመንገድ ሕግም ቢሆን ሰዎች ያወጡት ነው፥ ነገር ግን ያልጠበቀው ይገጫል።

ስለ «አንተ»ና ስለ «እርስዎ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፥ ለአንዱም ለብዙውም «ዩ» ይላሉ። ቀድሞ ግን «አንተ»ና «አንቺ» ለማለት «ዛው» የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው፤ «ዩ» ለብዙ ሰዎችና ለተከበረ ሰው የሚነገር ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉንም ሰው ማክበር ልማድ ሆነና «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ፤ አንቱታው ብቻ ቀረ። ስለዚህ የእንግሊዝ አገር ደንበኛ «ዩ» ብሎ ሲጽፍልን «አንተ አለኝ» ብሎ መቀየም አይገባም። አክብሮቱ ያለው በሰላምታው፥ በማዕረጉና በልመናው ቃል ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

የጭረቷ ስሕተት እንግሊዞችንም የሚያሰናክል ሲሆን፥ ከአማርኛ የምንመጣ ሰዎች የራሳችን የሆኑ ሌሎች መሰናክሎች አሉብን።

የመጀመሪያው የአክብሮቱ ነገር ነው። እኛ ስለ ታላቅ ሰው ስንናገር ግሡን በብዙ ቁጥር እናደርገዋለን፤ «አጎቴ መጡ፥ ተቀመጡ» እንላለን። ተማሪው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲያደርገው «ዘይ» ማለትም «እነሱ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዙም «አጎትህ ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የታወቀ አንድ ወንድ፥ ንጉሥም ቢሆን፥ በእንግሊዝኛ «ሂ» ነው፤ አንዲት ሴትም፥ ንግሥትም ብትሆን፥ «ሺ» ናት። እርግጥ ነው፥ እንግሊዞች ማንነቱ ስላልታወቀ አንድ ሰው ሲናገሩ «ዘይ» ይላሉ፤ ይህም ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ይህ ግን ለአክብሮት አይደለም፤ ወንድ ይሁን ሴት ስላልታወቀ ወይም ሊለይ ስላልተፈለገ ነው።

ሁለተኛው የዕቃ ጾታ ነው። በአማርኛ ዕቃው ሁሉ ወይ ወንድ ወይ ሴት ነው፤ ትንሽ የሆነውንና የወደድነውንም በሴት ጾታ እንጠራዋለን። ነጋዴው ስልኩን «ስልኬ የት ሄደች?» ቢል ማንም አይስቅም። በእንግሊዝኛ ግን ስልኩም፥ ሚዛኑም፥ ማሩም «ኢት» ናቸው። በአንጻሩ ይህን «ኢት» የሚለውን ቃል ለአዋቂ ሰው መናገር ትልቅ ስድብ ነውና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው «ማይ»ና «ማይን» ናቸው። እኛ «የኔ ሱቅ» ስንልም «ሱቁ የኔ ነው» ስንልም «የኔ» የምትለው ቃል አንዲት ናት። እንግሊዞች ግን ለሁለት ከፍለውታል። ንብረቱ ተከትሎ ሲጠራ «ማይ ሾፕ» ይባላል፤ ንብረቱ ሳይጠራ ቃሉ ብቻውን ሲቆም «ማይን» ይባላል። በዚሁ መንገድ «ዩር» ብቻውን ሲቆም «ዩርስ»፥ «ኸር» «ኸርስ»፥ «አወር» «አወርስ»፥ «ዜር» «ዜርስ» ይሆናሉ። «ሂዝ» ብቻ ሳይለወጥ ይቀራል። ወዳጃችንን «የኔ ጌታ»፥ «የኔ እመቤት» እያልን በትሕትና የምንጠራበትንም አነጋገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ማዞር አይገባም፤ ገዢው የመሳፍንት ዘር የተባለ ይመስለዋል።

አራተኛው ትርፍ ተውላጠ ስም ነው። በአማርኛ «የገዛሁት ማር» ስንል «ት» የምትለው ፊደል በግሡ መጨረሻ ሆና ማሩን ታመለክታለች። ተማሪው ያችን ፊደል በእንግሊዝኛም መፈለጉ አይቀርምና «የገዛሁ እሱን ማር» እንደ ማለት አድርጎ «ኢት»ን ይጨምራል። በእንግሊዝኛ ይህ ትርፍ ሸክም ነው፤ መውረድ አለበት። በአንጻሩ ደግሞ እኛ «መጣ» ስንል ማን እንደ መጣ በግሡ ውስጥ ስላለ «እሱ» ማለት አያስፈልገንም፤ እንግሊዞች ግን «ሂ» ካልተባለ ዐረፍተ ነገሩ ራስ የለውም ይላሉ። «ዘነበ» ለማለት እንኳ «ኢት» ብለው ዝናቡን ባለቤት ያበጁለታል።

አምስተኛው፥ «ሱቁ» ስንል የታወቀው ሱቅ ወይም የሱ ሱቅ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ በሁለት ቃላት ይለያሉ፤ ለታወቀው «ዘ»፥ ለንብረቱ «ሂዝ» ይባላል። አንዱን በሌላው ቦታ ማግባት የባለቤትነትን ነገር ያናጋል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የቅደም ተከተል ነገር ነው። እኛ «እኔና ወንድሜ ሄድን» ብንል ነውር የለበትም። በእንግሊዞች ጨዋነት ግን ራስን ማስቀደም አይወደድም፤ «ወንድሜና እኔ» ይላሉ። በዚያም ላይ ሥራውን የሚሠራው ሲሆን «አይ»፥ ሥራው የሚደረግበት ሲሆን «ሚ» መባል አለበት። ለማወቅ የሚሻ ወንድሙን ለጊዜው ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ራሱን ብቻ አስገብቶ ያንብበው፤ ትክክለኛው ቃል ራሱ ይመጣል።

ትንሽ ቃል ትልቅ ዕዳ

«እንዲህ ያለው ነገር ለተማሪ ፈተና ካልሆነ ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። የማሩ መልእክት ቢያስቅም፥ ስሕተቱ በውል ላይ ሲሆን አያስቅም። «ሻጩ ለገዢው የሱ መኪና ሲደርስ ዕቃውን ያስረክባል» ተብሎ ቢጻፍ መኪናው የማን ነው? የሻጩ ነው ወይስ የገዢው? ኪራዩን የሚከፍል ማን ነው? ዝናብ ቢያበላሸው ኪሣራው በማን ላይ ይወድቃል? «የሱ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጌታ አግኝታለች፤ ለሁለት ጌታ የሚገዛ ቃል ደግሞ በችሎት ፊት ለማንም አይመሰክርም። እንዲህ ባለው ቦታ ተውላጠ ስሙን ትቶ «የሻጩ መኪና» ወይም «የገዢው መኪና» ብሎ ስሙን መድገም ይበልጣል። ለጆሮ ባያምርም ለኪስ ያምራል።

አገራችንም የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ የአማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢወዱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መገናኘት እንዲችሉ ፈቃድ ሲሰጥ፥ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። መቻልና መገደድ በወረቀት ላይ የአንድ ግሥ ልዩነት ናቸው፤ ጠቡ ግን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ድረስ ሄደ። እርግጥ ያ ተንኰል የነበረበት ጉዳይ እንጂ የሰዋስው ስሕተት ብቻ አይደለም። ቢሆንም በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ውል ሁለቱንም በሚያውቅ ሰው ዓይን መታየት እንዳለበት ከዚያ የበለጠ ትምህርት የለም።

ሥራ ፈላጊውም ቢሆን ከዚህ ነገር አያመልጥም። ማመልከቻው ከብዙ ማመልከቻዎች ጋር ተደርቦ ሲቀርብ፥ የሚያነበው ሰው አመልካቹን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ከሁለት እኩል ከሆኑ ሰዎች አንዱን ለመጣል ምክንያት ሲፈለግ፥ ያለቦታዋ የቆመች ጭረት በቂ ምክንያት ልትሆን ትችላለች። ይህ ፍርድ ትክክል ነው አንልም፤ የልጁ ዕውቀት በጭረት አይለካምና። ነገር ግን ያልታረመ ጽሑፍ ያልታጠበ ልብስ ሆኖ እንደሚታይ ማወቅ መልካም ነው።

ምን ይደረግ?

ነገሩን ለማቅለል የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች አሉ። አንደኛ፥ በውልና በንግድ ደብዳቤ ላይ ቃላትን አለማሳጠር ነው። እንግሊዞች ራሳቸው በጥብቅ ጽሑፍ ላይ «ኢት’ስ» ከማለት «ኢት ኢዝ» ብለው መዘርጋት ይመርጣሉ። ይህን ያደረገ ሰው በደብዳቤው ውስጥ ለተውላጠ ስም አንድም ጭረት አያስፈልገውም፤ ጭረት ካየም ወዲያው ይጠራጠራል። ሁለተኛ፥ ከመላክ በፊት ጽሑፉን ድምፅን ከፍ አድርጎ፥ ያጠረውን ሁሉ እየዘረጉ ማንበብ ነው። ሦስተኛ፥ በእያንዳንዱ «የሱ»ና «የነሱ» ፊት ቆሞ «የማን?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ሁለት ከሆነ ስሙ ይደገም። አራተኛ፥ በስልክ ያለው የፊደል አራሚ ሁሉን ያያል ብሎ አለመተማመን ነው። «ዩር»ም «ዩ’ር»ም በየራሳቸው ትክክለኛ ቃላት ስለ ሆኑ፥ አራሚው ሳያስተውላቸው ሊያልፍ ይችላልና፥ የመጨረሻው አራሚ ጸሐፊው ራሱ ነው።

ለአስተማሪዎችም የምናሳስበው አለ። ተማሪው «ኢትስ»ን ሲስት ቀይ መስመር ከማስመር በፊት «ያንተ» ከምን ከምን እንደ ተጋጠመ ቢጠየቅ፥ በራሱ ቋንቋ ያለውን ሥርዓት አይቶ የባዕዱን በቀላሉ ይረዳል። የዐባይ ማዶ የቅኔ መምህር ለተማሪው ግእዙን የሚፈታለት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛውም በዚያው መንገድ ቢፈታ የሚከለክል ሕግ የለም።

የሰውን ቋንቋ አሳምሮ መጻፍ የራስን መናቅ አይደለም። በገበያ ላይ ሚዛኑን ያስተካከለ ነጋዴ ደንበኛው የትም አገር ሰው ይሁን አመኔታን ያተርፋል፤ ተውላጠ ስሙን ያስተካከለ ጸሐፊም እንዲሁ ነው። የኔን የኔ፥ ያንተን ያንተ፥ የነሱንም የነሱ ብሎ በየቦታው ማስቀመጥ ከሰዋስው በፊት የሐቀኝነት ሥራ ነውና፥ ብዕር የያዘ ሁሉ ጭረቷን ከመትከሉ በፊት የሞተች ፊደል መኖሯን ያረጋግጥ።